የአቶ ማስረሻ ፍጥነት

የቃሉ አገባብ ሌላ ትርጉም የሚያሰጠው ካልሆነ በስተቀር፣ «አቶ ማስረሻ» ማለት በአዳማ ከተማ ከሚገኙ የከፍተኛ ትምህርት ተቋማት በአንዱ፣ በቁሳቁስ ሳይንስ ትምህርት ክፍል፣ ከ1986 ዓ.ም. ጀምሮ በላቦራቶሪ ባለሙያነት የሚያገለግል፣ ዕድሜው ሃምሳ ሰባት የሆነ፣ ባለትዳርና የሁለት ልጆች አባት፣ የተሰጠውን ትእዛዝ ሳይጨምርና ሳይቀንስ የሚፈጽም የተፈጥሮ ሰው ነው።

«ሳይጨምርና ሳይቀንስ» የሚለው ሐረግ ከሰው ሀብት አስተዳደር ማህደራቸው ቃል በቃል የተወሰደ ነው። ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ፣ በየስድስት ወሩ፣ አሥራ አንድ የትምህርት ክፍል ኃላፊዎች እየተፈራረቁ በሥራ አፈጻጸም ቅጻቸው ላይ ይህንኑ ጽፈዋል። አንዱ ከሌላው ገልብጦ ይሆናል የሚል ሰው ቢኖር ማህደሩ መልስ የለውም። ሕግ አንቱታ አያውቅም፤ ከተማው ግን ያውቃል፤ ስለዚህ ከዚህ በኋላ አቶ ማስረሻ «ናቸው» ይባላሉ።

አዳማ የሚቸኩል ከተማ ነው። የጅቡቲው ከባድ መኪና ይቸኩላል፤ ባጃጁ ተሳፋሪው በወጉ ሳይቀመጥ ይነሳል፤ ነፋሱ ሳይቀር አቧራውን ተሸክሞ ወንጂ ላይ ቀጠሮ ያለው ይመስላል። አቶ ማስረሻ በዚህ ሁሉ መካከል ከፍራንኮ ሰፈር እስከ መሥሪያ ቤታቸው በእግራቸው ይሄዳሉ፤ አካሄዳቸውም መሬቱ እንዳይነቃ የሚጠነቀቅ ሰው አካሄድ ነው። ባለቤታቸው ወይዘሮ ወርቄ ጉዳዩን በአጭሩ ያስቀምጡታል፦ «እኔና ማስረሻ ሠርግ ብንጠራ አብረን ደርሰን አናውቅም። እኔ ለምሳው እደርሳለሁ፤ እሱ ለመልሱ።»

አብራቸው የምታረጅ አንዲት ማሽን ነበረች። ሴንትሪፊውጅ ትባላለች። ሥራዋ ፈሳሽ የያዙ ቱቦዎችን በኃይል እያሽከረከረች፣ ፈሳሹ ውስጥ የሚንሳፈፈውን ደቃቅ ነገር ሁሉ ወደ ቱቦው ግርጌ ማውረድ ነው። አቶ ማስረሻ «አሮጊቷ» ይሏታል። አንደኛው እግሯ ከተቀደደ የባጃጅ ከመነዳሪ በተቆረጠ ጎማ ተደግፎ ቆሟል። ምትክ እንዲገዛላት የተጻፈው ደብዳቤ «በሂደት ላይ ነው» የሚል መልስ ካገኘ ዘጠኝ ዓመት ሆኖታል። አቶ ማስረሻ ይህን መልስ ያነበቡት እንደ ሐኪም ቃል ነው፦ አሮጊቷ ከሞተች የሚተካት የለም፤ ስለዚህ መሞት የለባትም።

የአሠራሩ ሥርዓት የታወቀ ነበር። ተማሪው ጠዋት ቱቦዎቹንና የሥራ ማዘዣ ቅጹን ይዞ ይመጣል። በቅጹ ላይ የፍጥነቱ መጠንና የቆይታው ጊዜ ተጽፎ፣ የአማካሪው ፊርማ አርፎበታል። አቶ ማስረሻ ቅጹን ድምፅ አውጥተው ያነቡታል። ቱቦዎቹን ትይዩ ለትይዩ ይመዝናሉ፤ የቀለለውን በጠብታ ውሃ ያስተካክላሉ፤ ይህንንም ሲያደርጉ ለጡት ልጅ መድኃኒት የሚያጠጡ ይመስላሉ። ከዚያ ተማሪውን በትህትና ወደ በሩ ይሸኙና «ከምሳ በኋላ ና» ይሉታል። ሃያ ደቂቃ ለሚፈጅ ሥራ ለምን ግማሽ ቀን እንደሚጠበቅ የጠየቀ የለም። ወረፋ ይኖራል ተብሎ ይታሰባል። ወረፋውን ያየ ሰው ግን አልነበረም። ከምሳ በኋላ ቱቦው ንጹሕ ሆኖ፣ መዝገቡም በሚያምር የእጅ ጽሕፈት ተሞልቶ ይገኛል፦ የታዘዘው ፍጥነት፣ የታዘዘው ደቂቃ፣ ፊርማ።

ሌንሳ ወደዚህ ሥርዓት የገባችው በዶክትሬት ትምህርቷ ሦስተኛ ዓመት ላይ ነው። የባቱ ልጅ ናት፤ ዕድሜዋ ሃያ ዘጠኝ ነበር። በስምጥ ሸለቆ የጉድጓድ ውሃ እንዳደጉ ብዙ ልጆች ጥርሷን ፍሎራይድ ቡናማ አድርጎታል፤ ስትስቅ አፏን በእጇ ትሸፍናለች። ጥናቷም ከዚያው ከጥርሷ የተነሳ ነው ቢባል ስህተት አይሆንም፦ ፍሎራይድ የበዛበት ውሃ ሲነካው ቀለሙን የሚለውጥ፣ ማንኛዋም እናት ጉድጓድ ዳር ቆማ በዓይኗ ልታነበው የምትችል ትንሽ ምልክት መሥራት ትፈልጋለች። ለዚህም የአሸዋ ዘር ከሆነው ከሲሊካ የተሠሩ ናኖ ቅንጣቶችን ታዘጋጃለች። ሦስት መቶ የሚሆኑት ጎን ለጎን ቢሰለፉ የአንድ ፀጉር ውፍረት ቢያክሉ ነው።

አቶ ማስረሻ የመጀመሪያውን ቱቦ ወደ መስኮቱ ብርሃን አንስተው አዩት። ውሃ የበዛበት ወተት ይመስል ነበር።

«ይኼ ነው ቀለም የሚያወጣው?»

«ቀለም እንኳን የለውም፣ ጋሼ። ሲደረደር ነው የሚወጣው።»

«ምኑ ሲደረደር?»

«ቅንጣቶቹ። እናቴ ባቱ ገበያ ቲማቲም ትሸጣለች። ሣጥኑን ቀስ ብሎ የሚሞላላት ሠራተኛ አለ፤ እያንዳንዱ ቲማቲም የሌሎቹን ክፍተት ፈልጎ ይቀመጣል፣ ረድፍ በረድፍ። ደግሞ ገልብጦ የሚሞላ አለ፤ የእሱ ሣጥን ዝብርቅርቅ ነው። የእኔም እንደዚያ ነው። ረድፍ ከያዙ ብርሃኑ በየረድፉ ሲመለስ ቀለም ይሆናል፤ እርግብ አንገት ላይ እንደሚያዩት ዓይነት። ከተዘበራረቁ ኖራ ነው የሚመስሉት።»

«ገልብጦ የሚሞላውን እናትሽ ምን ታደርገዋለች?»

«ትሰድበዋለቻ።»

«ምን ብላ?»

«በኦሮምኛ ነው ጋሼ፤ ቢተረጎም አይጥምም።»

«ሠላሳ ዓመት አዳማ ኖሬ በኦሮምኛ ያልተሰደብኩ መሰለሽ እንዴ?»

ሌንሳ አፏን ሸፍና ሳቀች። ቅጹ ላይ «ሦስት ሺህ ዙር በደቂቃ፣ ሃያ ደቂቃ» ብላ ጽፋ ነበር፤ ቁጥሩን ያገኘችው በውጭ አገር ከታተመ ጥናት ነው። አቶ ማስረሻ ጮክ ብለው አነበቡት፤ ሦስት ሺህ የሚለው ላይ ሲደርሱ ድምፃቸው ትንሽ ወረደ። «ከምሳ በኋላ ነይ» አሏት።

ከምሳ በኋላ በቱቦው ግርጌ አረንጓዴ ነገር ተቀምጦ አገኘች። ዘንበል ስታደርገው ወደ ወርቃማ፣ ጨርሳ ስታጋድመው ወደ ቀይ ሄደ። ጮኸች። ከዚያም ሁለቱም እጆቿ ቱቦውን ይዘው ስለነበር አፏን ሳትሸፍን ሳቀች። አቶ ማስረሻ ቱቦውን ሳይሆን ጥርሷን አዩ፤ ጥሩ ጥርስ ነው ብለውም አሰቡ፤ ግን አልተናገሩም። በቀጣዮቹ ወራት ይኸው ነገር አምስት ጊዜ ተደገመ፤ በድምሩ ስድስቱም አረንጓዴ ወጡ።

ችግሩ የመጣው ከሕጉ ነው። አንድ ውጤት እውነት ተብሎ ወደ መመረቂያ ጽሑፍ ከመግባቱ በፊት፣ በጥናቱ ውስጥ የሌለ ሌላ ሰው በጽሑፍ የተቀመጠውን መመሪያ ብቻ ተከትሎ ሊደግመው ይገባል። የሌንሳ የትምህርት ጊዜ ሁለት ጊዜ ተራዝሞ የመጨረሻው ቀን ሰኔ 30 ሆኖ ተቆርጧል። ያ ቀን ሳይሳካ ካለፈ አራት ዓመቷ በአንድ ገጽ የስንብት ደብዳቤ ይዘጋል። ቀለም ያለው ደለል ከሌለ ምልክቱ የለም፤ ምልክቱ ከሌለ ጥናቱ የለም። አማካሪዋ ዶክተር ዛኪር ይህን ሲነግሯት ድምፃቸውን አላለሰለሱም፤ ከወንበራቸው ግን ተነስተው ነገሯት፤ እሳቸውን የሚያውቅ ሰው የመነሳቱን ትርጉም ያውቃል።

በዚሁ መካከል፣ ሚያዝያ ላይ፣ የሰው ሀብት አስተዳደር አቶ ማስረሻ ለብዙ ዓመታት ፈቃድ አለመውጣታቸውን ደረሰበት። ይህም በመመሪያው መሠረት ጥፋት ነበር። አሥራ አምስት ቀን እንዲያርፉ ታዘዙ፤ ሳይጨምሩና ሳይቀንሱ።

ሌንሳ ሌላ ሰው ከመሞከሩ በፊት እኔ በእጄ ልየው ብላ የላቦራቶሪውን ቁልፍ ለመነች። አቶ ማስረሻ ቁልፉን ሰጧት። ግን ቶሎ አልለቀቁትም፤ ለጥቂት ጊዜ ሁለቱም ይዘውት ቆሙ።

«ቀስ በያት፣ እሺ?»

«እሺ ጋሼ።»

«አርጅታለች። ቀስ በያት።»

«እሺ።»

«እህ... ቀስ ስትያት ነው የምትሰማሽ።»

ሌንሳ ይህን እንደ ፍቅር ወሰደችው። በእርግጥም ፍቅር ነበረበት፤ ነገር ግን ፍቅር ብቻ አልነበረም።

አቶ ማስረሻ ወንድማቸው ዘንድ ቆቃ ሄዱ። አሥራ አምስቱን ቀን ከግድቡ ውሃ ዳር ተቀምጠው ዓሣ አጥማጆች መረብ ሲያወጡ ተመለከቱ። መረቡን በፍጥነት የሚስበውን ሰው እየነቀፉ፣ በዝግታ የሚስበውን እያመሰገኑ ሰነበቱ፤ ዓሣው የበለጠው ለማን እንደነበር ወንድማቸው ያውቃሉ፤ ለእንግዳ ክብር ሲሉ ግን አልተናገሩም።

ሌንሳ ቅጹን ፊት ለፊቷ አስቀምጣ ሦስት ሺህ ዙር፣ ሃያ ደቂቃ አለች። አሮጊቷ ጠረጴዛውን እያንቀጠቀጠች፣ የመስኮቱን መስተዋት እያስጮኸች ዞረች። ጊዜው ሲሞላ ሌንሳ ፍሬኑን ተጭና አስቆመቻት። በቱቦው ግርጌ ያገኘችው ኖራ ነበር።

ቅንጣቶቹን እንደገና ሠራች፤ ኖራ። ውሃውን ለወጠች፤ ኖራ። ቱቦዎቹን ሁለት ጊዜ አጥባ፣ ጓንቷን ቀይራ፣ ለአራተኛ ጊዜ ሞከረች። ከዚያ በኋላ አራቱን ነጭ ቱቦዎች መስኮቱ ላይ ደረደረችና ዶክተር ዛኪርን ጠራች። ዶክተሩ አንድ በአንድ እያነሱ አዩአቸው።

«የፊተኞቹ ስድስቱስ?»

«እነሱ አሉ፤ ይኸው። አሁንም አረንጓዴ ናቸው።»

«በአንድ ሰው እጅ ብቻ የሚታይ ነገር ውጤት አይባልም፣ ሌንሳ።»

«ምን ይባላል ታዲያ?»

«ራእይ። ራእይ ደግሞ እኛ ትምህርት ክፍል አይመዘገብም።» ይህን ካሉ በኋላ ፊቷን አይተው ስለተጸጸቱ፣ በሩ ላይ ዞረው «ምሳ በልተሻል ግን?» አሏት። አልበላችም ነበር።

አቶ ማስረሻ ሰኞ ጠዋት፣ ፊታቸው በቆቃ ፀሐይ ጠቁሮ፣ በጋዜጣ የተጠቀለለ የተጠበሰ ዓሣ ይዘው ተመለሱ። በሩን ሲከፍቱ አራቱን ነጭ ቱቦዎች አዩ። ሌንሳ ከጎናቸው ተቀምጣ ነበር፤ ያለቀሰች ሴት እንዳላለቀሰች ስትሆን እንዴት እንደምትመስል፣ ሁለት ሴት ልጆች ያሳደጉ ሰው ያውቃሉ። ምን እንደተፈጠረ ወዲያውኑ ገባቸው። አፋቸውን ከፈቱ።

«ውሃው ይሆን?» አሉ።

በሕይወታቸው ካሉት ነገር ሁሉ በዚህኛው የሚያፍሩትን ያህል የሚያፍሩበት የለም። ዓሣውን ጠረጴዛው ላይ ትተው፣ ገና ረፋድ ሳለ፣ ራሴን አሞኛል ብለው ወደ ቤት ሄዱ። ወይዘሮ ወርቄ ባላቸውን በዚያ ሰዓት ደጃፍ ላይ ሲያዩ መጀመሪያ የጠየቁት ማን እንደሞተ ነው።

«ማንም አልሞተም። ወርቄ፣ አሮጊቷን ሦስት ሺህ ላይ አዙሬያት አላውቅም።»

«እንኳን አላዞርካት። እና?»

«ሦስት ሺህ እያልኩ ግን ጽፌያለሁ።»

ወይዘሮ ወርቄ የሚለቅሙትን ምስር ከጉልበታቸው ላይ አወረዱ።

ነገሩ እንዲህ ነበር። ከብዙ ዓመታት በፊት፣ ከአሮጊቷ በፊት የነበረችው ማሽን፣ በታዘዘችው ፍጥነት ስትዞር ሆዷ ውስጥ የነበረው ብረት ተሰንጥቆ ወጥቶ ግድግዳውን በስቶት ነበር። ሰው አልተጎዳም። ቀዳዳው አሁንም አለ፤ የዘመን መቁጠሪያ ተሰቅሎበታል። ከዚያን ቀን ጀምሮ አቶ ማስረሻ የቅጹን ቁጥር ማንበብ እንጂ መታዘዝ ትተዋል። አንድ ብርጭቆ ውሃ ከማሽኑ አጠገብ ያኖራሉ፤ የውሃው ፊት መንቀጥቀጥ እስኪጀምር ፍጥነቱን ይጨምራሉ፤ ከዚያ ውሃው እስኪረጋ ጥቂት ይመልሳሉ። የፍጥነቱን ቆጣሪ አያዩም። በጉልበት የቀነሱትን በጊዜ ይተካሉ፤ ሃያው ደቂቃ ሦስት ሰዓት ይሆናል። ሲያበቃም ፍሬን አይነኩም፤ በራሷ ዞራ ዞራ እስክትቆም ይጠብቃሉ።

«ለማሽኗ ብዬ ነው» አሉ።

«እሺ፤ የቀነስከው ለማሽኗ ብለህ ነው። የጻፍከውስ ለማን ብለህ ነው?»

አቶ ማስረሻ አሰቡ። «ለልጆቹ። ዶክተር ፈርሞበት የመጣን ቁጥር 'ይኼ በዝቷል' ብዬ በምን አፌ እናገራለሁ? እነሱም ያፍራሉ፤ እኔም አፍራለሁ። ሥራው እንደሆነ ሥራው ነው፤ ጠርቶ ይወጣል። ማንን ጎዳሁ?»

«እስከ ዛሬ።»

«እስከ ዛሬ።»

«ይሉኝታህ ሠላሳ አንድ ዓመት አበላህ፤ ዛሬ ደግሞ የሰው ልጅ ሊበላ ነው። አልነግራትም ልትል ነው?»

«ብነግራት መዝገቡ በሙሉ ውሸት ሊሆን ነው፣ ወርቄ። ሁሉም፣ የመጀመሪያው ገጽ ሳይቀር። ጡረታ ልወጣ ሦስት ዓመት ሲቀረኝ...»

«ባትነግራት እሷ ባቱ ትመለሳለች። አንተ የምስጋና ወረቀትህን ይዘህ፣ ይኸው እዚህ ሶፋ ላይ፣ ከእኔ ጋር ፊት ለፊት ተፋጠህ ትቀመጣለህ። የትኛው ይሻልሃል?»

አቶ ማስረሻ ምሳቸውን ሳይበሉ ወጡ። ወይዘሮ ወርቄ ኮፍያቸውን እስከ በር ድረስ ይዘው ተከተሏቸው፤ አናታቸው ላይ ካደረጉላቸው በኋላም በመዳፋቸው ሁለት ጊዜ መታ መታ አደረጉት።

ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ ላቦራቶሪው ውስጥ ገብተው ለሌንሳ ባዶ ቅጽ ሰጧት።

«እንደ ድሮው ጻፊልኝ።»

ጻፈች፤ ሦስት ሺህ፣ ሃያ ደቂቃ። ከዚያ እንደ ልማዷ ልትወጣ ስትል «ዛሬ አትሂጂ» አሏት። ወንበር ሳቡላት። ቱቦዎቹን መዘኑ፤ በጠብታ አስተካከሉ። ብርጭቆውን ውሃ ሞልተው አስቀመጡ። ማስተካከያውን አዞሩ፤ ውሃው ተንቀጠቀጠ፤ መለሱት፤ ረጋ። እጃቸውን ጭናቸው ላይ አሳርፈው ተቀመጡ። ሌንሳ ብርጭቆውን አየች፤ እጃቸውን አየች፤ በመጨረሻም ቆጣሪውን አየች።

«ጋሼ፣ ይኼ እኮ ዘጠኝ መቶ ነው።»

«እሱ ነው እንግዲህ።»

«ሦስት ሺህ ነው የጻፍኩት።»

«አውቃለሁ፣ ልጄ። እኔም ሦስት ሺህ ብዬ ነው የምጽፈው።»

አሮጊቷ በእርጋታ ታዜማለች። ከውጭ የባጃጅ ጡሩምባ ይሰማል።

«ስድስቱንም?»

«ስድስቱንም።»

«የሁሉንም ተማሪ?»

«የሁሉንም።»

ሌንሳ ወንበሯን ወደ እሳቸው አዞረች። ስትናገር ድምፏ ዝቅ ያለ ነበር፤ ዝቅ ያለው ግን ለአክብሮት አልነበረም። «አሥራ አምስት ቀን ሙሉ እጄን ስረግመው ከረምኩ፣ ጋሼ። የራሴን እጅ። እጄ መጥፎ ነው ብዬ። ለእናቴ ደውዬ በቃ ልመለስ ነው አልኳት።»

አቶ ማስረሻ ኮፍያቸውን አወለቁ፤ ምን እንደሚያደርጉበት ስላላወቁ ጉልበታቸው ላይ አስቀመጡት። ሦስቱን ሰዓት እንዲሁ ጎን ለጎን ተቀምጠው ቆዩ። በመካከሉ ሌንሳ ተነስታ የቀዘቀዘውን ዓሣ ፈታችና ግማሹን ሰጠቻቸው። ይቅርታ ነበር ለማለት ያስቸግራል፤ ዓሣው ግን ለሁለት ሰው ይበቃ ነበር።

አሥራ አንድ ሰዓት ላይ አሮጊቷ በራሷ ጊዜ ቆመች። ክዳኑ ተከፈተ። አረንጓዴ።

በዚህ ጊዜ ሌንሳ አልጮኸችም። ቱቦውን ወደ መስኮቱ ይዛ አጋደመችው፤ ቀይ ሲሆን አየችው፤ ከዚያም ማስታወሻ ደብተሯን ከቦርሳዋ አወጣች።

«ጋሼ፣ ስድስት መቶ ላይ ሞክረው ያውቃሉ?»

አቶ ማስረሻ ከጠዋት ጀምሮ የያዙትን ትንፋሽ የለቀቁት ያን ጊዜ ነው።

በቀጣዮቹ አራት ሳምንታት በላቦራቶሪው ታሪክ ታይቶ የማይታወቅ ሥራ ተሠራ። ከአራት መቶ ጀምረው እስከ ሦስት ሺህ በደረጃ ወጡ። ስድስት መቶ ላይ ደለሉ እጅግ ያማረ ሆነ፤ ቀኑን ሙሉ ግን ፈጀ። ዘጠኝ መቶ ላይ አረንጓዴው ከዳር እስከ ዳር አንድ ወጥ ነበር። ሺህ አምስት መቶ ላይ ቀለሙ እዚህም እዚያም ተቦጫጨቀ። ሁለት ሺህ ላይ ገረጣ። ሦስት ሺህ ላይ፣ ሌንሳ ማስተካከያውን አዙራ አቶ ማስረሻ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው ሳሉ፣ ኖራ ሆነ። በዘጠኝ መቶ ዞሮ በፍሬን የቆመው ደግሞ ላይ ላዩ ታመሰ። ምክንያቱ ለሌንሳ ግልጽ ሆነላት፦ ቅንጣቱ ወደ ግርጌው ሲደርስ ቦታውን ፈልጎ ለመቀመጥ ጊዜ ያስፈልገዋል፤ በኃይል የተነዳው ግን ቦታውን ሳያገኝ ከላይ የመጣው ይጫነውና ባለበት ይቀራል። ፍጥነቱን የገታ ሰው ሥርዓቱን ያገኛል። የጥናቱ ሦስተኛ ምዕራፍ ይኸው ሆነ።

አቶ ማስረሻ በበኩላቸው ለትምህርት ክፍሉ ደብዳቤ ጻፉ፦ «ከታች ስሜ የተጠቀሰው ሠራተኛ በመዝገቡ ላይ ያሰፈርኳቸው ቁጥሮች የታዘዘውን እንጂ የተደረገውን እንደማያሳዩ በአክብሮት አሳውቃለሁ።» ዶክተር ዛኪር ደብዳቤውን አንብበው ለሁለት ቀን አላናገሯቸውም። ከዚያ በመደርደሪያው ላይ ያሉትን የመመረቂያ ጽሑፎች አንድ በአንድ እያወረዱ ሲመረምሩ ሳምንት ከረሙ። ሌሎቹ ተማሪዎች የፈለጉት ደለሉን ከውሃው መለየት ብቻ ስለነበር በዝግታ ቢወርድም በጥድፊያ ቢወርድም ዶክተሩ የተለወጠ ነገር አላገኙም፤ ቁጥሮቹን የሚያርም ማስታወሻ ግን በየጽሑፉ እንዲያያዝ አደረጉ። ለአቶ ማስረሻ የተጻፈውን የማስጠንቀቂያ ደብዳቤም በገዛ እጃቸው አምጥተው ሰጧቸው።

«ጋሽ ማስረሻ፣ ይህንን መፈረም ይኖርብዎታል።»

«ይገባኛል፣ ዶክተር።»

«እኔ ግን የሚገርመኝ፣ በዚህ ሁሉ ዓመት ማናችንም አብረንዎት አልተቀመጥንም።»

አቶ ማስረሻ ፈረሙ፤ ቀኑንም ከጎኑ ጻፉ፤ ትክክለኛውን ቀን።

የድጋሚ ሙከራው ሰኔ 24 ተደረገ። የምትሠራው ከፊዚክስ ትምህርት ክፍል የመጣችው መምህርት ሙሉዬ ነበረች፤ በጥናቱ ውስጥ የሌለች፣ አረንጓዴ ይወጣል ኖራ ይወጣል ግድ የማይሰጣት ሰው መሆኗ ተረጋግጦ የተመረጠች። ሌንሳ ምንም ሳትነካ ጥግ ላይ እንድትቀመጥ ተፈቀደላት። አቶ ማስረሻ ግን ወደ ክፍሉ እንዳይገቡ በቃለ ጉባኤ ተወሰነ፤ ኮሪደሩ ላይ አግዳሚ ወንበር ተሰጣቸው። ሙሉዬ መመሪያውን ከወረቀቱ አነበበች፤ ቱቦዎቹን መዘነች፤ ማሽኗን ዘጠኝ መቶ ላይ አስነሳቻት፤ ሰዓቷንም አየች። ሦስት ሰዓት ሙሉ መዞር አለባት።

መጨረሻውን አስቀድሞ መናገር አንባቢን አይጎዳም፦ ቱቦው አረንጓዴ ሆኖ ወጣ፤ ሲያጋድሙት ቀላ። ሌንሳ የጊዜ ገደቡ አንድ ቀን ሲቀረው ጽሑፏን ተከራክራ አለፈች፤ አዳራሹ ውስጥም አፏን ሳትሸፍን ሳቀች። ከባቱ የመጡት እናቷ ከአቶ ማስረሻ ጋር በኦሮምኛ ረጅም ነገር ተነጋገሩ፤ ምን እንደተባባሉ ሁለቱም አልተረጎሙም።

ይህ ሁሉ ግን ገና አልሆነም። ማሽኗ መዞር ከጀመረች አንድ ሰዓት ከሃያ ደቂቃ ሆኗል፤ ክፍሉ ውስጥ ከእሷ ዜማ በቀር የሚሰማ የለም። ሌንሳ የአውራ ጣቷን ጥፍር በልታ ጨርሳ ወደ ሌባ ጣቷ ተሻግራለች። በሩ ተንኳኳ። መልስ ሳይጠበቅም ተከፈተና የአቶ ማስረሻ ፊት ብቻ ገባ፤ በላብ ተጠምቋል።

«ይቅርታ። የት ደረሰ?»

«እየዞረ ነው፣ ጋሽ ማስረሻ» አለች ሙሉዬ።

«ዘጠኝ መቶ ላይ?»

«ዘጠኝ መቶ ላይ።»

የግድግዳውን ሰዓት አዩ። ሌንሳን አዩ። የሌንሳን ጣት አዩ። ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ በሩን በጉልበታቸው ትንሽ ገፋ እያደረጉ፣ ለሙሉዬ ብቻ የሚናገሩ መስለው እንዲህ አሉ፦

«ልጅቷ ልትሞት ነው እኮ። ለምን ሺህ አምስት መቶ አታደርጊያትም?»

ሙሉዬ ተነሳች፤ በትህትና ፊታቸውን ወደ ኮሪደሩ መለሰችና በሩን ከውስጥ ቆለፈችው።